ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ፦ የአየር ርቀቱን፣ የበረራ ጊዜውንና ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ማስላት

ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ሁለቱ ከተሞች የሚጠቀሙት ኮምቦልቻ ያለውን ነው። ትኬት ሲቆርጡ «ደሴ» ብለው ቢፈልጉም «ኮምቦልቻ» ብለው ቢፈልጉም የሚመጣልዎ ያው አንድ ማረፊያ ነው፤ መለያ ኮዱ «ዲ ኤስ ኢ» የሆነውም የደሴን ስም ይዞ ነው። የብዙ ሰው ሒሳብ የሚበላሸው ከዚህ ጀምሮ ነው። ትኬቱ ላይ ደሴ የሚል ስላየ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ጊዜ ሳይቆጥር ይቀራል።

ሌላው ስህተት ትኬቱ ላይ ያለችውን የአንድ ሰዓት በረራ የመንገዱ ሁሉ ጊዜ አድርጎ መውሰድ ነው። ከዚህ በታች መጀመሪያ ርቀቱን በራስዎ እጅ ማውጣት፣ ቀጥሎ ከርቀቱ የበረራውን ጊዜ ማግኘት፣ ከዚያም ከመድረሻው ወደኋላ እየቆጠሩ ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት መቁረጥ ተብራርቷል። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

የአየር ርቀቱን ማውጣት

የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይያዙ። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ቦታውን ተጭነው ሲይዙት ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ የመጀመሪያው ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። ኮምቦልቻ 11.08 እና 39.71 ነው፤ ቦሌ ደግሞ 8.98 እና 38.80።

መጀመሪያ ኬክሮሱን ከኬክሮስ ይቀንሱ፦ 11.08 ሲቀነስ 8.98 ይሆናል 2.10። ይህንን በ111 ያባዙ፤ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና። 233 ይመጣል። ኮምቦልቻ ከቦሌ ወደ ሰሜን የምትርቀው ይህን ያህል ነው።

ቀጥሎ ኬንትሮሱን ይቀንሱ፦ 39.71 ሲቀነስ 38.80 ይሆናል 0.91። ይህን በ110 ሲያባዙት 100 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ወደ ምሥራቅ ያለው ርቀት ነው።

አሁን ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩና የድምሩን ስኩዌር ሩት ያውጡ። 233 በ233 ሲባዛ 54289፣ 100 በ100 ደግሞ 10000 ነው። ድምሩ 64289፣ ስኩዌር ሩቱ 253.6። እንግዲህ ከኮምቦልቻ ቦሌ በቀጥታ መስመር 254 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአብራሪዎች መለኪያ 137 ኖቲካል ማይል ይሆናል፤ አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ።

ሁለት ነገር እንዳያሳስትዎ። አንዳንድ ካርታና መጽሐፍ ቦታን የሚጽፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው። 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ማለት 11.05 አይደለም። 5 ለ60 ይካፈልና 0.083 ይሆናል፣ ስለዚህ 11.083 ነው። ይህን ሳያስተውሉ ቢያልፉት ማረፊያውን ወደ 3.7 ኪሎ ሜትር ያህል ከቦታው ያነሱታል። ሁለተኛው የኬንትሮሱ ማባዣ ነው። 110 የሚሠራው እንደ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ በሄዱ ቁጥር እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ፣ ርቆ ለሚሄድ በረራ ማባዣው ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ዱባይ በ110 ቢያሰሉት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ያበልጥብዎታል። ለዱባይ 106 ይውሰዱ፤ ወደ 2500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ትክክለኛ ርቀት ያገኛሉ። ጂዳ ግን ከአዲስ አበባ ሽቅብ ወደ ሰሜን ስለሆነች ኬንትሮሱ ከቁም ነገር አይገባም። 1400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ርቀት ከሞላ ጎደል የኬክሮስ ልዩነት ብቻ ነው።

የመኪናው መንገድ ለምን ይረዝማል

በመኪና ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130፣ ደብረ ሲና 190፣ ከሚሴ 325፣ ኮምቦልቻ 376፣ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 376ን ከ254 ጋር ሲያስተያዩት መንገዱ ከቀጥታው መስመር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የደጋ አገር መንገድ አብዛኛው በዚህ ልክ ይሄዳል። ስለዚህ የመንገዱን ርዝመት ለማያውቁት ከተማ ቀጥታውን በ1.5 ቢያባዙ ለመነሻ የሚሆን ግምት ያገኛሉ።

ገደል ባለበት ግን ይህ ግምት አይሠራም። ለዚህ ከደሴና ከኮምቦልቻ የበለጠ ምሳሌ የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መንገዱ ግን 25 ይጠጋል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ይህን ከፍታ መኪና በቀጥታ ሊወጣው ስለማይችል ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ እየተጠማዘዘም ይወርዳል። ጭነት የተሸከመ ተሳቢ ከፊት ከገባ ኋላ ያለው ሁሉ በእርሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ጠመዝማዛው ላይ ለመቅደም ቦታ የለምና። ስለዚህ ደሴ ኮምቦልቻን በኪሎ ሜትር አያስቡት። በደህናው ቀን 45 ደቂቃ፣ በጭጋግና በዝናብ ከ1 ሰዓት በላይ ብለው ይያዙት።

የበረራውን ጊዜ ከርቀቱ ማግኘት

በዚህ መስመር የሚሠራው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ነገር ግን በ254 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነቱ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከቦሌ ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ ዝግ ይላል፤ ገና ከፍታውን እንደያዘ ደግሞ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ለሒሳብ 600 ይውሰዱ።

254 ለ600 ሲካፈል 0.42 ሰዓት ነው። ይህ 42 ደቂቃ አይደለም። 0.42 በ60 ይባዛና 25 ደቂቃ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው። አንዳንዱ ነጥቡን ደቂቃ አድርጎ ያነባል፤ በረዥም በረራ ላይ ደግሞ 3.75 ሰዓትን 3 ሰዓት ከ75 ደቂቃ ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው 3 ሰዓት ከ45 ነው።

በ25 ደቂቃው ላይ 30 ደቂቃ ይጨምሩ። ይህ ጭማሪ በረራው ቢያጥርም ቢረዝምም ብዙ አይለዋወጥም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ የሚሄድበት፣ ተራ የሚጠብቅበት፣ ሽቅብ የሚወጣበት፣ ለማረፍ አቅጣጫውን የሚያስተካክልበትና አርፎ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ድምሩ 55 ደቂቃ ይሆናል። ትኬት ላይ የሚያዩት ጊዜም ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ነው፤ እርሱ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ በሩን ዘግቶ ከቦታው ከተነቃነቀበት አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። በአየር ላይ ያለው ጊዜ ከዚህ ያንሳል። «40 ደቂቃ ነው የበረርነው» የሚለውም «አንድ ሰዓት ነው» የሚለውም ሰው ልክ ነው፤ የቆጠሩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

ለጄት አውሮፕላን 800 ይውሰዱና ያንኑ 30 ደቂቃ ይጨምሩ። ጂዳ 1400 ለ800 ሲካፈል 1.75፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ45 ሲሆን፣ ከጭማሪው ጋር 2 ሰዓት ከ15 ይመጣል። ዱባይ በዚሁ ስሌት 3 ሰዓት ከ40 ገደማ ይሆናል። አውሮፕላን የሚከተለው የተቀመጠለትን የአየር መስመር እንጂ ቀጥታውን ማስመሪያ ስላልሆነ፣ ለዱባይ 4 ሰዓት ብሎ መያዝ ይሻላል።

ንፋስ በአጭር በረራ ላይ ያን ያህል አያሳስብም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ቢገጥም ከቦሌ ኮምቦልቻ የሚያስጨምረው 2 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህ መስመር ሰዓት የሚበላው ደመናና ጭጋግ ነው። የኮምቦልቻ ማረፊያ ዙሪያውን በተራራ የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ፣ በክረምት ጠዋት ደመናው ተራራው ላይ ከተኛ አውሮፕላኑ ከቦሌ ሳይነሳ ሊቆይ፣ ወይም መጥቶ ሳያርፍ ሊመለስ ይችላል። አብራሪው ማኮብኮቢያውን ሳያይ አያርፍም፤ እንዲህ ማድረጉም ለተሳፋሪው ሲባል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በዚያው ቀን መድረስ ያለበት ጉዳይ ካለዎት አንድ ቀን ቀድመው ይብረሩ።

ከቤት እስከ ቤት

የበረራ ቀኖቹ በየወቅቱ ስለሚቀያየሩ መጀመሪያ በዚያ ሳምንት በረራ መኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ የሚከተለውን የደሴ ሒሳብ እንደራስዎ ሁኔታ ያስተካክሉት።

ደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ፦ 20 ደቂቃ
ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፦ 50 ደቂቃ
ከኮምቦልቻ ባጃጅ ይዞ ማረፊያው በር፦ 20 ደቂቃ
ፍተሻ፣ ሻንጣ ማስረከብ፣ መጠበቅ፦ 90 ደቂቃ
በረራ፦ 55 ደቂቃ
ቦሌ ላይ ወርዶ ሻንጣ ተቀብሎ መውጣት፦ 30 ደቂቃ
ከቦሌ ወደሚሄዱበት ሰፈር፦ 45 ደቂቃ

ድምሩ 310 ደቂቃ፣ 5 ሰዓት ከ10 ነው። ከኮምቦልቻ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስለማይቆጥር 4 ሰዓት ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ አውሮፕላኑ ላይ የሚቀመጡት ከአጠቃላዩ አንድ አምስተኛ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው።

አውቶቡሱን በዚሁ ዓይነት ያስሉት። ከደሴ አዲስ አበባ 8 ወይም 9 ሰዓት ይወስዳል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቢነሳ ቀን 8 ሰዓት ገደማ ይገባል። ጊዜውን የሚበላው የጣርማ በር አቀበት ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ያለው ዋሻ አካባቢ ጭጋጉ ከወረደ መኪና ሁሉ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ይሄዳል። የኬላ ፍተሻና የምሳ ዕረፍት ሲጨመርበት ሰዓቱን ከፍ ያደርገዋል። የመንገዱን ሁኔታ ከዋዜማው ቀን መናኸሪያ ላይ ከዚያ መስመር የገባ ሾፌር ይጠይቁ። የትናንቱን የሚያውቀው እርሱ ነው።

ስለዚህ ከደሴ የሚያተርፉት 4 ሰዓት ገደማ ነው። በረራው ረፋድ ላይ ከሆነ ይህ ትርፍ በዚያው ቀን ጉዳይ ፈጽሞ ለማደር ያስችላል። ወደ ማታ የሚበር ከሆነ ግን ሌሊት የተነሳው አውቶቡስ ይቀድምዎታል። ሁለቱን ሲያወዳድሩ ማየት ያለብዎ አዲስ አበባ የሚደርሱበትን ሰዓት ነው።

በአየር መሄድ ሁሌ አያሳጥርም። ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር ቀጥታው 267 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ የሚሄድ በረራ ከሌለና በአዲስ አበባ መዞር ካለብዎ ግን 254 ይበሩና እንደገና 333 ኪሎ ሜትር ይበራሉ፤ ድምሩ ከቀጥታው ከእጥፍ በላይ ነው። ቦሌ ላይ የሚጠብቁት ሰዓት ሲጨመርበት በወልዲያ በኩል በመኪና መሄድ ከሚፈጀው ብዙም አይሻልም።

ማረፊያው በር ላይ ሰዓት የሚያስገድሉ ነገሮች ጥቂት ናቸው። መታወቂያው ላይና ትኬቱ ላይ ያለው ስም ሲለያይ፣ ሻንጣ ከልክ በላይ ሲመዝንና ሚዛኑ ሥር ተከፍቶ ዕቃ ሲቀነስ፣ ማርና የቀለጠ ቅቤ በእጅ ቦርሳ ሲገኝ። ማርና ቅቤውን በጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ አድርገው፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልለው፣ ከሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ መሐል ላይ ልብስ አልብሰው ያስቀምጡ። ቤት እያሉ በሚዛን ይመዝኑት። ለፍተሻው ቀበቶና ጫማ ማውለቅ ስለሚኖር፣ ለመፍታት የማያስቸግር ጫማ አድርገው ይምጡ።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት በእኛ ሰዓት ማንበብ

ይህ ክፍል አጭር ይምሰል እንጂ ከሁሉም የበለጠ ሰው አውሮፕላን የሚያመልጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት።

ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከ07:00 እስከ 18:59 ያለውን 6 ይቀንሱለት፦ 07:30 ጠዋት 1:30 ነው፣ 13:00 ቀን 7 ሰዓት ነው፣ 18:00 ምሽት 12 ሰዓት ነው። ከ19:00 በኋላ ያለውን 18 ይቀንሱለት፦ 20:45 ምሽት 2:45 ነው። ከ00:00 እስከ 06:59 ያለውን 6 ይጨምሩለት፦ 02:15 ሌሊት 8:15፣ 06:30 ደግሞ ንጋት 12:30 ነው።

ዋናው አደጋ ያለው ቀኑ ላይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ያው ያለፈው ቀን ነው። ከቦሌ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ደግሞ ሌሊት ናቸው። እሁድ ጃንዋሪ 12 ቀን 2025፣ 00:30 የሚል ትኬት ቢያዩ፣ ቀኑ በእኛ ጥር 4 ቀን 2017 ነው። «እሁድ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» ብለው ካነበቡት ግን እሁድን ቤትዎ ውለው ማታ ይሄዳሉ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን አልፎታል። ትክክለኛው ንባብ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 6:30» ነው። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚገባ፣ ቦሌ መገኘት ያለብዎ ቅዳሜ ጥር 3 ምሽት 3:30 ላይ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ ወረቀቱ ላይ ያለፈውን ቀን ስም በእስክሪብቶ ይጻፉበት፤ ተጓዡ ማንበብ የሚከብደው ሰው ከሆነ ደግሞ ለሚሸኘው ሰው ጭምር ይንገሩ።

የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚጻፈው እንደየአገሩ ሰዓት ነው። ጂዳ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነች ሁለቱን መቀነስ ብቻ ነው። ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች፦ ከአዲስ አበባ 00:30 ተነስቶ ዱባይ 05:30 ይደርሳል የሚል ቢሆን ልዩነቱ 5 ሰዓት ቢመስልም የበረራው ጊዜ 4 ነው። ስትመለስ በተቃራኒው 3 ሰዓት የምትመስለው 4 ናት። ቤሩት ግን ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ትለውጣለች። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ከዚያ ወዲያ በ1 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች።

ከኮምቦልቻ በርሮ ቦሌ ላይ ወደ ውጭ የሚቀጥል ሰው ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ማስቆረጥ አለበት። የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያመቻችለት አየር መንገዱ ይሆናል፤ ለየብቻ ከቆረጠ ግን ኪሳራው የራሱ ነው። ለየብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሰዓት ይተዉ፤ በክረምት ደግሞ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደሩ።

ሲመለሱ

ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው በረራ ወደ ማታ የሚያርፍ ከሆነ የደሴውን መኪና አስቀድመው ያስቡበት። ሲመሽ ሚኒባሱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ለብቻ ኮንትራት መያዝ ይመጣል፤ ሐረጎም በጨለማና በጭጋግ የሚቸኮልበት መንገድ አይደለም። ከደሴ የሚቀበልዎ ሰው ካለ መቼ እንደሚነሳ ለመንገር ቀላል መንገድ አለ። ከደሴ ማረፊያው ድረስ በመኪና የሚፈጀውና ከቦሌ ኮምቦልቻ በአየር የሚፈጀው ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ቦሌ ላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተው ወንበርዎን እንደያዙ፣ ስልክዎን ከማጥፋትዎ በፊት «ተነሳ» ብለው ይደውሉለት። ከዚያ በፊት ከተነሳና በረራው ቢዘገይ በር ላይ ሲጠብቅ ይውላል። ወንበር ከያዙ በኋላ ከተነሳ ግን እርስዎ ሻንጣዎን ይዘው ሲወጡ እርሱም በሩ ላይ ደርሷል።